ሃምሳ ሎሚ

ቅዳሜ ዕለት ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሳ ልንበላ ሄደን ተከራክረን ተመለስን። አንዱ ጓደኛችን ፕሮግራመር ነው። ገና ዓሳው ሳይቀርብ ማማረር ጀመረ። ለአንድ ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለማንም ክፍት ለሆነ ፕሮጀክት ያስተካከለውን ኮድ ከላከ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ባለቤቱ ግን መልስ አልሰጠውም። «ክፍት ነው ካለ ለሁላችንም ክፍት ይሁና!» አለ። ይህንኑ አምስቴ ደጋገመው። ሌላ ማስረጃ አልነበረውም።

ኮምፒውተር የሚያስተምረው ወዳጃችን እጁን ታጥቦ መጣና፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» አለው። «ሰውየው ብቻውን ነው፣ ደሞዝ የለው። የአጠቃቀም ፈቃዱን አንብበኸዋል? እንዳለ ነው የምሰጥህ፣ ዋስትና የለውም ይላል። ኮዱን አንብብ፣ ቅዳ፣ አሻሽል። ካልተስማማህ ፎርክ አድርገህ፣ ኮዱን ለብቻህ ገልብጠህ፣ የራስህን ቀጥል። መልስ እሰጥሃለሁ የሚል የት አየህ?»

«ታዲያ ማኅበረሰብ ማለት ምንድነው?» አለ ልጁ፣ እሾህ እየለቀመ። ፕሮጀክቱን አራት ዓመት ሲጠቀምበት ከዚህች በፊት አንዲት ስህተት እንኳ አሳውቆ አያውቅም። ሃምሳ ሎሚ ማለት ይሄ ነው።

እኔ የኤክስዜድን ነገር አነሣሁ። ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ፋይል የሚጨምቅ ፕሮግራም ነው፤ ለዓመታት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 «ዘገየህ፣ ለሌላ ልቀቅ» የሚሉ መልእክቶች አጣደፉት። ሰውየው ያለ ክፍያ በትርፍ ጊዜዬ የምሠራው ነው፣ የአእምሮ ጤናዬም ተቸግሯል ብሎ በግልጽ ጻፈ። ማን ሰማው? «ላግዝህ» ብሎ የተጠጋው ሰው ቀስ በቀስ ታመነ። በ2024 ያ ረዳት ፕሮግራሙ ውስጥ የጓሮ በር፣ ማለትም በስውር ሰርጎ መግቢያ፣ ደብቆ ተገኘ። የተደረሰበትም አንድ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ለመግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ቢያስጠረጥረው ነው። ሃምሳ ሎሚውን ብቻውን የተሸከመን ሰው ከኋላው ቆሞ መግፋት እንዲህ ያደርጋል።

ልጁ «እሱ ሌላ ነው» አለ። ሌላ አይደለም። እኛ ዘንድ ያለው ሁሉ ይኸው ነው። ክረምት ሊገባ ሲል የሰፈራችንን ቦይ የሚጠርጉት ሁለት አባወራ ናቸው። ጎርፍ ሲገባ ግን «ኮሚቴው የት ሄደ?» ባዩ መንደሩ በሙሉ ነው። የእድራችን ጸሐፊ ስንት ዓመት መዝገብ ይዘው በነጻ አገለገሉ። አንድ ቀን ድንኳን ዘገየ ተብለው በሰው ፊት ተሰደቡ። መዝገቡን በፌስታል አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወጡ። ሃምሳ ሎሚ! እስካሁን የሚረከብ አልተገኘም።