ዋቃ፣ አላህ፣ እግዚአብሔር፦ ስሙ ነው ሦስት ወይስ አምላኩ?

ከሂርማታ፦
ባለፈው እዚሁ ጅማ ጎረቤታችን ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ሼሁ ዱዓ አደረጉ። አንዲት እናት «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ። ጥግ የተቀመጡ ሽማግሌ ደግሞ በኦሮምኛ ዋቃን ለመኑ። ድንኳኑ ለሦስቱም አሚን፣ አሜን አለ። እና ልመናው ሦስት ቦታ ነው የሄደው ልትለኝ ነው? ኦነሲሞስ ነሲብ የተረጎመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ሲታተም አዲስ ስም አልፈጠረም፤ ሕዝቡ ሲጠራው የኖረውን ዋቃን ነው የወሰደው። የግብፅ ክርስቲያኖችም መጽሐፋቸው ላይ አላህ ነው የሚሉት። የናይጄሪያ ዮሩባዎች ስንት ኦሪሻ፣ ማለትም ስንት አማልክት፣ እያላቸው ከሁሉም በላይ ኦሎዱማሬ አለ ይላሉ። ሰው የትም ይሁን ከላይ አንድ ያስቀምጣል።

ከፈረንጅ አራዳ፦
ወንድሜ፣ ለቅሶ ቤት አሜን የሚባለው ለሐዘንተኛው ተብሎ ነው። የትም ያልከውም አይሆንም፤ ቡድሂስቶች አማልክት አሏቸው፣ ግን አማልክቱ ራሳቸው ይሞታሉ፣ ፈጣሪ የሚባል የለም። ስም መውሰድማ እንዴት እንደሚያሳስት ልንገርህ። ኡጋንዳዊው ኦኮት ፒቢቴክ እንደጻፈው፣ ሚሲዮኖች አቾሊ የሚባለውን የአገሩን ሕዝብ ሽማግሌዎች «ማን ፈጠራችሁ?» ሊሉ ፈለጉ፤ በቋንቋው «መፍጠር» የሚል ቃል ስላልነበረ «ማን አበጃችሁ?» ብለው ጠየቁ፣ እንደ ሸክላ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ አሰቡ አሰቡና «ሩባንጋ» አሉ። ሩባንጋ ማን መሰለህ? የሰው አከርካሪ እያጎበጠ የሚያበላሽ መንፈስ! ያው ስም ለእግዚአብሔር ተሰጠና አረፈው።

ከሂርማታ፦
እሺ፣ ይቺ ጥሩ ናት፣ ሳቅኩም። ግን የጠየቁት ፈረንጆች ናቸው። ኦነሲሞስ እኮ የኦሮሞ ልጅ ነው። አብራው የሠራችው አስቴር ጋኖም ከዚሁ ከእኛ አጠገብ፣ ከሊሙ፣ በባርነት የተወሰደች ናት። ለዋቃ የሚገባውን ቃል ከእነሱ በላይ ማን ያውቃል?

ከፈረንጅ አራዳ፦
ቃሉንማ ያውቃሉ። ግን ዋቃ በዱሮው እምነት ከነአያናዎቹ፣ ከሥሩ ካሉት መናፍስት ጋር ነው፤ ቃሉ ሰማይም ማለት ነው። እነሱ ስሙን ወስደው አያናውን ተዉት፣ ሥላሴን አስገቡበት። አላህ ደግሞ አይወልድም፣ አይወለድም። ይሄን «የስም ልዩነት ነው» ማለት ለእኔ ሦስቱንም መናቅ ነው። ካላመንከኝ እነዚያ ጥግ የተቀመጡ ሽማግሌ ጋ ሂድና ዋቃ ልጅ አለው ወይ ብለህ ጠይቃቸው። ያሉህን አምጣና እንቀጥላለን።