ተሰናባቾቻችንን ያቆይልን

ተራ ሰው አንዴ ደህና ሁኑ ብሎ ይሄዳል። ጭካኔ ነው! የድሮ የሮክ ባንዶች ግን እንዲህ አይጨክኑም። ዘ ሁ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1982 የስንብት ኮንሰርቶቹን አቀረበ። በ1989 ናፍቆቱ አላስቀምጠው ብሎ ተመለሰ። በ2025 ደግሞ ሰሜን አሜሪካን ለስንብት ዞረ። የመጀመሪያው ስንብት በአንቀልባ ላይ እያለ ያመለጠው ሕፃን ሽበት አብቅሎ ደረሰበት።

የአሜሪካው ባንድ ሞትሊ ክሩስ? በ2014 "ከእንግዲህ ለኮንሰርት አንዞርም" ብለው ውል ፈረሙ። በ2019 ውሉን በቪዲዮ ሲያፈነዱት አሳዩን። በ2022 ስታዲየም ለስታዲየም ሲዞሩ ነበር። ወረቀት እንዲህ ነው የሚከበረው።

ዋናው ጥበብ ግን መድረኩ ላይ ነው። መጀመሪያ ያረጀው ጉሮሮ እንዲደርስበት ጊታሮቹ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ተደርገው ይቃኛሉ። ግማሹ ካልበቃ ሙሉ። ዘፈኑ ወፈር፣ ከበድ ሲል እኛ "በሰለ" እንላለን። ከዚያ ያ የታወቀው ከፍታ ይመጣል። ድምፃዊው አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ አየር ይስባል፣ ማይኩን ወደ እኛ ያዞራል። ከፍሎ የገባው ይዘፍናል፣ የተከፈለው ያዳምጣል። ዴሞክራሲ ይሏችኋል ይሄ ነው! አንዳንዴም እጁን ጆሮው ላይ ደግኖ "አልሰማኋችሁም" ይለናል። በዕድሜው ሲታይ እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ማይኩ ወገቡ ጋ ወርዶም ድምፁ ከቀጠለ አትደንግጡ። ምቀኞች ፕሌይባክ፣ ማለትም ድሮ የተቀዳ ድምፅ፣ ይሉታል። እኔ ግን አንጀቴን ነው የሚበላኝ። የሠላሳ ዓመቱ ጎረምሳ የሰባ ዓመቱን ሽማግሌ ደግፎ ሲያዘፍነው፣ ያውም ሽማግሌው ራሱ ሆኖ! ጧሪ ቀባሪ ማለት ይሄ አይደል?

ኪስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ አባላት ይህንንም አሻሽለውታል። በ2000 ተሰናብተው ነበር፤ በ2019 እንደገና መሰናበት ጀመሩና ታኅሣሥ 2023 ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ጨረሱ። በዚያው ምሽት በኮምፒውተር የተሠሩ ምስሎቻቸው ብቅ ብለው ቦታውን ተረከቡ። ምስል ጉሮሮው አይዘጋም፣ ጉልበቱ አይከዳውም፣ ውሎ አበልም አይጠይቅም።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን ተመልካቹ ነው። የድምፃዊው ድምፅ ሲሰነጠቅ "ሳውንዱ ነው" ይላል። ግጥሙ ሲጠፋበት "ስሜት ውስጥ ገብቶ ነው" ይላል። አጠገቡ ያለ ባለጌ "ድምፁ እኮ የለም" ካለ ደግሞ በግልምጫ ያነሳዋል። እንደሌለማ ሁሉም ያውቃል! ድምፅ የፈለገ ቤቱ ቁጭ ብሎ የድሮውን አልበም ይስማ።

እኛ አለን። ብቻ አደራ፣ ይሄ የመጨረሻው ሲያልቅ ቀጣዩ የመጨረሻ መቼ እንደሆነ ቀደም ብላችሁ ንገሩን። ገንዘብ እናጠራቅምበት።