ይግባኝ የሌለበት ችሎት

አገር ቤት ከባድ ወንጀል በተሰማ ቁጥር ፌስቡክ ላይ የሚጻፈው ያበሳጨኛል። «ምን ቀጠሮ ያስፈልገዋል? ስቀሉት!» የሚለው ሰው ብዛቱ! ግማሹ ደግሞ እንደ እኔ አሜሪካ የሚኖር ነው። እነዚህን ወገኖቼን አርካንሶ ውስጥ ያለችውን ፎርት ስሚዝን ወስጄ ባሳያቸው ደስ ይለኛል።

የዳኛ አይዛክ ፓርከር ችሎት እዚያ ለጎብኚ ክፍት ነው። መስቀያውም እንደ ጥንቱ ተሠርቷል። ጣሪያ ያለው ረጅም የእንጨት መድረክ ነው፤ ብዙ ሰው አሰልፎ ለማቆም ታስቦ የተሠራ። ሳየው ሆዴ ተላወሰ።

ፓርከርን እ.ኤ.አ. በ1875 የሾመው ፕሬዚዳንት ግራንት ነው። ሰውየው ገና 36 ዓመቱ ነበር። ዛሬ ኦክላሆማ የምንለው፣ ያኔ የቀይ ሕንዶች ግዛት የነበረው ሰፊ አገር በሥሩ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ስድስት ሰዎች በአንድ ቀን ተሰቀሉ። በ21 ዓመት ውስጥ 160 ሰው ላይ ሞት ፈርዶ 79ኙ ተሰቅለዋል። እውነቱን ለመናገር ሕጉም ምርጫ አልሰጠውም። በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ቅጣቱ ሞት ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እስከ 1889 ድረስ ከዚያ ችሎት ይግባኝ የሚባል ነገር አልነበረም! ፕሬዚዳንቱ ካልማረው በቃ፣ ገመድ ነው። ሕጉ ተለውጦ የሞት ፍርዶቹ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሄድ ሲጀምሩ ከቀረቡት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ተሻሩ። ታዲያ ከዚያ በፊት የተሰቀሉትን ማን መረመረላቸው?

ሳም ሂኮሪ የሚባል፣ ከቀይ ሕንዶቹ የቼሮኪ ጎሣ የሆነ ሰው ነበር። የማርሻል (የፌዴራል ሕግ አስከባሪ) ረዳት ገድለሃል ተብሎ ቀረበ። ፓርከር ለጁሪው፣ ማለትም ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው ለሚወስኑት ተራ ዜጎች፣ ማብራሪያ ሲሰጥ መሸሽ የጥፋት ምልክት ነው ለማለት መጽሐፍ ቅዱስ ጠቀሰ፦ ኃጥእ ማንም ሳያሳድደው ይሸሻል፣ ጻድቅ ግን እንደ አንበሳ ደፋር ነው። በ1896 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ማብራሪያ አልተቀበለውም። ንጹሕ ሰውም ፈርቶ ይሸሻል አለ።

ይሸሻል እንጂ! ከእኛ መካከል ስንቱ ነው ምንም ሳይበድል አገር ጥሎ የወጣው?

የአክስቴ ልጅ ሒሳብ ሠራተኛ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ጎደለ ተብሎ ሲጠራ ደነገጠና አጎቱ ዘንድ ገጠር ገባ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ያለማስረጃ፣ በመሸሹ ብቻ ጥፋተኛ አለው። እስር ቤት እያለ እናቱ ስንቅ ስታመላልስ ጉልበቷ አለቀ። ነጻ ያወጣው ይግባኙ ነው። መዝገቡ እንደገና ሲታይ ደረሰኝ ሁለቴ ተመዝግቦ ተገኘ። የጎደለ ሳንቲም የለም!

ይህን ሁሉ እያወቀ፣ ስንቅ ሳይቀር አብሮ ያመላለሰ አንድ ዘመዳችን ባለፈው ሳምንት «ይግባኝ ለወንጀለኛ መደበቂያ ነው» ብሎ ለጠፈ። ደውዬ ተጣላሁት። አሁንም አልበረደልኝም።