ሽሮው እስኪበስል

ክርክሩን ያስነሣው አንድ ድስት ነው። ፊልም አብረው ከሚሠሩ ጓደኛሞች አንዷ የአጭር ፊልም ድርሰት ጽፋ አመጣች። ዞምቢዎች ከተማውን ከወረሩ ሁለት ሳምንት ሆኗል፤ ሁለት እህትማማቾች በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ በር ዘግተው ተቀምጠዋል፤ መብራት የለም። ዞምቢዎቹ ዐይናቸው አያይም፣ የሚመጡት ድምፅና ሽታ ተከትለው ነው። ታላቅየዋ ከሰል አቀጣጥላ የቀረቻቸውን የመጨረሻ ሽሮ ትሠራለች። ትዕይንቱ ስድስት ደቂቃ ነው።

ካሜራ የሚሠራው ወዲያው «ይሄ ይውጣ» አለ። «ሰውን ትንፋሹን አስይዘሽው ስታበቂ ወጥ ታሳዪዋለሽ? ይርበዋል እንጂ አይፈራም።» ሁለተኛ ምክንያትም ነበረው፤ እሱ እንኳ ቀላል አይደለም። «በእንዲህ ያለ ክፉ ቀን ልብ ያለው ሰው ቁሌት አያቁላላም። መንገደኛም ዘማችም በሶና ድርቆሽ የሚይዘው ለዚህ ነው። በሶ በውኃና በጨው ማሸት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እሳት የለ፣ ጭስ የለ፣ ሽታ የለ።»

«ሽታ ስለሌለው እኮ ነው የማልፈልገው» አለችው። ከዚያ ትዕይንቱን በሽሮው አሠራር ልክ ከፋፍላ አስረዳች። ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት ሲከተፍ ቢላው ጣውላው ላይ ይሰማል፤ ልጅቷ ከሥሩ ፎጣ አጥፋ ታነጥፋለች። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ሲቁላላ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፣ በፊልም አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። በዚያች ደቂቃ ካሜራው ድስቱን ትቶ ሽታው በሚወርድበት ደረጃ ላይ ይቆያል፤ ደረጃው ባዶ ነው። ዘይቱና በርበሬው ገብቶ ውኃ ጠብ ሲልበት ቸስ የሚለው የትዕይንቱ ትልቁ ድምፅ ነው። ሦስት ኩባያው ውኃ ሲፈላ ግማሽ ኩባያ ሽሮ እየነሰነሱ ማማሰል ይመጣል።

«በሩ የሚነካው እዚህ ላይ ነው» አለች። «መነስነስ ከጀመርክ እጅህ ታሰረ ማለት ነው። ከተውከው ይጓጉላል፣ ከሥር ያራል፤ ዱቄቱ ደግሞ ሌላ የለም። ትሂድ ወይስ ታማስል? በሶ ይህን አይሰጠኝም። በሶ ጥሎ መሮጥ ይቻላል።»

ድርሰት ያስተማሩት ጋሼ በዚህ ላይ ገቡ። በ2019 የወጣውን የኮሪያ ተከታታይ ድራማ «ኪንግደም»ን አነሡ። ዘመኑ ጆሴዮን የተባለው የጥንቱ የኮሪያ መንግሥት ዘመን ነው፣ አገሩ ተርቧል። በአንድ የሕክምና ቤት ለተኙ ሕሙማን የአጋዘን ሥጋ ነው ተብሎ ሾርባ ይሰጣቸዋል፤ ሥጋው የሞተ ሰው ነበር፣ የዞምቢው ወረርሽኝም ከዚያ ይነሣል። «የሚያስጨንቀው ጥርሱና ደሙ አይደለም» አሉ፤ «ሾርባውን በምን ዓይነት ደስታ እንደሚጠጡት ማየት ነው።» ቀጥለው በ2023 የታየውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ «ዘ ላስት ኦፍ አስ»ን ጠቀሱ። በመጀመሪያው ክፍል የአባትየው ልደት ነው፣ ለቁርስ ፓንኬክ ሊሠሩ ዱቄቱ አልቋል። ሰዎችን ዞምቢ የሚያደርገው ፈንገስ የተዛመተው ምናልባት በዱቄት ወይም በስኳር እንደሆነ የሚነገረን በሦስተኛው ክፍል ነው። ያን ጊዜ ያ ተራ ቁርስ ወደ ኋላ ተመልሶ ያስፈራል።

«ጋሼ፣ እነዚህ እኮ ምግቡን ራሱን መርዝ ያደረጉ ናቸው» አለ ባለ ካሜራው። «የእሷ ሽሮ መርዝ የለበትም፣ የእናት ቤት ምግብ ነው። ያ እያጽናና እንዴት ያስፈራል?»

ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ ጋሼም አመኑለት። መልሱን ከዞምቢ ተከታታይ ድራማው «ዘ ዎኪንግ ዴድ» አራተኛ ምዕራፍ አመጡ። ልጁ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ከትልቅ ቆርቆሮ፣ ሦስት ኪሎ ከሚያልፍ፣ የቸኮሌት ፑዲንግ በማንኪያ ይበላል። ጫማውን የነጠቀው ዞምቢ ከመስኮቱ ወዲያ ነው። ፑዲንጉ ንጹሕ ነው፣ ልጁም ከልቡ እያጣጣመ ነው። የሚያጽናናውም የሚያስፈራውም አንድ ቦታ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አላበላሸውም።

ባለ ካሜራው ግን አንድ ነጥብ አሸነፈ፤ ቀለም። በበርበሬ የቀላ ሽሮ ባለበት ቤት ደም ከፈሰሰ ወይ ደሙ ወጥ ይመስላል፣ ወይ ወጡ ያቅለሸልሻል። ስለዚህ ሽሮው ነጭ ሽሮ ይሁን፣ በርበሬው ይቅር፤ በፊልሙ ውስጥ ቀይ ነገር ደሙ ብቻ ይሁን። ሳትከራከር ተቀበለችው። የድስቱ እንፋሎት የሚታየውም ብርሃኑ ከኋላው ሲመጣና በስተጀርባው ጨለማ ሲሆን ነው፤ ሽሮው ቶሎ ስለሚበርድ ሌላ የጋለ ድስት ከጎን መጠበቅ አለበት።

የፊልሙን ደም ለመሥራት ሁለት እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውኃ አፍልቶ ማብረድ፣ ቀይ የምግብ ቀለም መጨመር፣ ከዚያ ለአንድ ኩባያ አንድ ማንኪያ ያህል ኮኮዋ። ኮኮዋው ከቀረ በመብራት ሥር ወደ ሮዝ ያደላል። ኮኮዋውም እንደ ሽሮው ነው፤ ቀድሞ በጥቂት ለብ ያለ ውኃ ካልተበጠበጠ ይጓጉላል። በ1968 በጥቁርና ነጭ በተቀረጸው «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»፣ ይህን የፊልም ዓይነት መልክ በሰጠው ሥራ፣ ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር፤ የሚበላው ሥጋም የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ።

እኔ የምፈርደው ለሽሮው ነው፤ መጨረሻው ግን ይለወጥ። በድርሰቱ ላይ የመጀመሪያዋ ጉርሻ ወደ አፍ ስትሄድ በሩ ይሰበራል። ይህ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ማዕድ በቀረበ ቁጥር ጥቃት ከመጣ ተመልካቹ ይለምደዋል፤ ገበታ ሲያይ ዘና ማለቱን ትቶ ለድንጋጤ ይዘጋጃል፣ ምግቡም ማጽናናቱ ይቀራል። ስለዚህ በሩ በማማሰሉ ሰዓት ይነካ፤ ታላቅየዋ እጇ እየተንቀጠቀጠ ማማሰሏን ትቀጥል፤ ኮቴው ደረጃውን ይውረድ። ከዚያ ይብሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንጀራ ስለማይኖር ባለ ካሜራው ያለው ድርቆሽ እዚህ ይግባ፤ ትኩሱ ሽሮ ላይ ተፈርፍሮ እስኪርስ ይጠበቅ። አርባ ሰኮንድ ሙሉ ሙዚቃ አይኑር፣ የማላመጥ ድምፅ ብቻ። ማንም አያቋርጣቸው፣ እስኪጠግቡ።

ድስቱ ውስጥ የቀረውን ታናሽየዋ በማንኪያ ትፋቀው። ያን ጊዜ ደረጃው ላይ ይወርድ የነበረው ኮቴ ይቁም።