ለዕድል አሰላፊዎች የቀረበ ምስጋና

ሪቻርድ ጋርፊልድ የሒሳብ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ማጂክ፡ ዘ ጋዘሪንግ የተባለው የካርድ ጨዋታው ገበያ ላይ ሲውል ግን አንድ ትልቅ ነገር ዘንግቷል። ዴክህን (የምትጫወትበትን የካርድ ክምር) በውዝ፣ ከዚያ ቅደም ተከተሉን አትይ፣ አትነካካ ይላል ሕጉ። ሰው እንዴት ባላየው ነገር ይተማመናል?

ደግነቱ ይህን ጉድለት የሚሞሉ ጀግኖች በየካርድ ሱቁ አሉልን።

አንዱ ጨዋታ አልቆ ሌላው እስኪጀመር ሥራ አይፈቱም። ስድሳውን ካርድ ይዘረጉታል። አንድ መሬት፣ ሁለት አስማት። አንድ መሬት፣ ሁለት አስማት። (ላልተጫወታችሁ፦ መሬት ካልመጣ ለአስማቱ የምትከፍሉት የላችሁም፤ መሬት ብቻ ከመጣ ደግሞ መሬታችሁን ታቅፋችሁ ትሸነፋላችሁ።) ድርደራው ሲያልቅ ብወዛ ይከተላል። ብወዛ ካልነው። ሦስቴ ዳበስ ዳበስ ነው፤ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ የሚጠነቀቁ ነው የሚመስለው።

ዴቭ ቤየርና ፔርሲ ዲያኮኒስ የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ 52 ካርድ በደንብ እንዲደባለቅ ለሁለት እየተከፈለና እየተጠላለፈ ሰባት ጊዜ ያህል መበወዝ አለበት ብለዋል። ሰባት! ሥራ ፈቶች። ምቀኞች ደግሞ ይህን ይዘው ይሞግታሉ፤ በደንብ ከተበወዘ ያ ሁሉ ድርደራ ጠፍቷል፣ ታዲያ ለምን ደከማችሁ? ካልጠፋ ደግሞ አጭበርብራችኋል። ጀግኖቻችን መልስ አላቸው። “ኧረ ልማድ ነው!” እውነታቸውን ነው። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ተብሎ የለ?

ተጋጣሚ ዴኩን ልበውዝ ወይም ልቁረጥ ሲል ፊታቸው ይለዋወጣል። “አታምነኝም እንዴ ወንድሜ?” በቃ፣ የምታፍረው አንተ ነህ። መብትህን ይዘህ ትቀመጣለህ። የአንተን ዴክ ሲበውዙ ግን እጃቸው ይፈጥናል፤ ዓይናቸውም ከሥር ያለችውን ካርድ ሰላም ሳይል አያልፍም።

ሕግ አያውቁም እንዳትሉ ብቻ። የመቃብሩ ክምር፣ ማለትም ያለቀላቸው ካርዶች የሚጣሉበት፣ ፊቱ ወደ ላይ ነው፤ ማንም ሊያየው ይችላል። ቅደም ተከተሉን መቀያየር ግን በመሠረቱ አይፈቀድም፤ ምክንያቱም አንዳንድ የድሮ ካርዶች ማን በማን ላይ እንደተጣለ ይቆጥራሉ። ኡርዛስ ሳጋ ከተባለው የካርድ ስብስብ (እ.ኤ.አ. 1998) ወዲህ የታተሙ ካርዶች ብቻ በሚገቡበት ውድድር ግን የውድድሩ ደንብ መቀያየርን ፈቅዷል። ጀግኖቻችን ይህን ፈቃድ አልሰሙም። ተጋጣሚያቸው በመቃብሩ ላይ ሁለት ካርድ ሲያገላብጥ ካዩ “ዳኛ!” ብለው ሱቁን ያናውጡታል። ሁሉም የሚያየው ቅደም ተከተል ይከበር፤ ማንም የማያየው ለእነሱ ይተው።

ተደፍታ የምትወጣ ካርድም አለች። እ.ኤ.አ. በ2002 የመጣ ዘዴ ነው። እንደዚያ የመውጣት መብት ያላት ካርድ መሆኗን ባለቤቷ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ ጨዋታው ሲያልቅ ለሁሉም ትገለጣለች። ጀግኖቻችን ካሸነፉ ግን ጠረጴዛው በአንድ እጅ ተጠራርጎ ዴክ ውስጥ ገብቷል። “አለቀ እኮ፣ ማየቱ ምን ያደርግልሃል?” አሸንፎ እንዲህ የማይንጠባረር ሰው የት ይገኛል?

ደፋር ተጋጣሚ ግን አይጠፋም። አንዱ ይሉኝታውን ዋጥ አድርጎ ዴኩን ተቀበለና ሰባት ጊዜ በውዞ መለሰ እንበል። ጀግናችን ሰባት ካርድ ያነሣል። አንድም መሬት የለም። መልሶ እንደገና ያነሣል። አንዲት መሬት ብቻ። ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ወርወር ያደርግና ወደ እኛ ወደ ተመልካቾቹ ይዞራል።

“አያችሁ? መበወዝ የማይችል ሰው ሲነካው!”