«ዜማ፦ የሕዝብ» — ሕዝብ የሚባለው ሰው ማነው?

እስቲ ዛሬ ትንሽ እንወቃቀስ። ቅር የሚለው ይበለው፤ እኔም ከወቀሳው አልቀርም።

ባለፈው ጥር አንድ ሰርግ ላይ ነበርኩ። አዳራሹ ሞልቷል፣ ስፒከሩ ደረት ይመታል። ኦርጋን የሚጫወተው ልጅ አንዱን ቁልፍ ሲነካ ከበሮ ይደልቃል፣ ሌላውን ሲነካ ማሲንቆ ይመጣል፣ ማሲንቆ ሳይኖር። ጥጉ ላይ አክስቴና አራት አምስት እኩዮቿ ተነሱና ማጨብጨብ ጀመሩ። አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሁለት ደቂቃ አልቆዩም፤ ኦርጋኑ ዋጣቸው። አክስቴ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ከዚያ ልጁን በአገጯ እያሳየችኝ «ይሄ እኮ የኛው ዘፈን ነው፤ ቃሉን ግን አበላሽቶታል» አለች። ምንም አልመለስኩላትም። ለምን ዝም እንዳልኩ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ግን ሰማት። ሱፍ ለብሷል፣ ሁለተኛ ቢራው ላይ ነው። «አይ እማማ! እነዚህ ልጆች ባህሉን እኮ ጨረሱት» ብሎ ጀመረ። ባህል ጠፋ፣ ቅኝት ጠፋ፣ ዘፈን ድሮ ቀረ። ሴቶቹ ሲዘፍኑ እኮ እሱ ስልክ እያወራ ነበር! ጠፋ የሚለው ነገር ከጀርባው ሦስት ሜትር ላይ ሲያጨበጭብ ዞር ብሎ አላየውም።

ወገኖቼ፣ ይሄ ሰውዬ ብዙ ነው። እኔም ቤት አለ፣ እናንተም ቤት አለ።

መጀመሪያ ይሄን «ተበረዘ» የሚል ለቅሶ እንተው። መቼ ነው ያልተበረዘው? ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ግድም ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀዱ፣ ድግሱ እስካለ ድረስ ሊረዝም የሚችል ዘፈን ሸክላው በሚችለው ጥቂት ደቂቃ ውስጥ መግባት ነበረበት። ያ ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የምንላቸውን፣ ከነሐስ መሣሪያቸው ጋር አዲስ አበባ አመጧቸው። ኬቮርክ ናልባንዲያን አሠለጠኗቸው። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ደግሞ ቆይተው የአገሩን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ አቀናበሩ። ከዚያ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ጦር ሠራዊት ሁሉም ባንድ አቋቋመ። ዛሬ «የጥንቱ፣ የጠዋቱ» እያልን እንባ የምናፈስበት ዘፈን ግማሹ እዚያ የተወለደ ነው፣ በጥሩምባና በሳክስፎን።

ሳክስፎን ካልኩ አይቀር ጌታቸው መኩሪያን ሳላነሳ አላልፍም። ሽለላ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጦር ሜዳ ሊወርድ የተነሳ ሰው ነው የሚያወጣው፤ ጉሮሮ ይቀደዳል፣ ቃሉ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ላይ ወጥቶ ወጥቶ ድንገት ይሰበራል። ጌታቸው ያንን ጉሮሮ እንዳለ አንስቶ ሳክስፎን ውስጥ ከተተው። ኖታውን ብቻ መስሎ የሚጫወት ሞልቷል። እሱ ግን የፎካሪውን ትንፋሽ ነው የወሰደው፣ ንዴቱን ሳይቀር። አንበሳ ጎፈር ለብሶ መድረክ ላይ ሲወጣ ሳክስፎኑ ይፎክራል ነው የሚባለው። በስተርጅናው ዘ ኤክስ ከሚባሉ የሆላንድ ሮከኞች ጋር ሆኖ እነሱንም አስፎክሯቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 እስኪያርፍ ድረስ ማንም «ሽለላን አበላሸ» ሲለው አልሰማሁም። ለምን? ሽለላውን ያውቀዋላ። ከውስጥ ነው የለወጠው።

ሌላም ልጨምርላችሁ። «ባህላዊ ባንድ» እያልን ሰርግ ላይ የምንጠራው፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ተደርድረው አንድ ላይ የሚጫወቱበት ነገር ከአዳም ጀምሮ የነበረ ይመስላችኋል አይደል? አዝማሪ ከማሲንቆው ጋር ብቻውን የሚዞር ሰው ነበር። ዋሽንት የእረኛ ናት፣ ሜዳ ላይ። እነዚህን ከየአገሩ ሰብስቦ አንድ መድረክ ላይ እንደ ኦርኬስትራ ማስቀመጥ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፅ ተወላጁ ሐሊም ኤል ዳብ አዲስ አበባ ላይ ያቋቋመው፣ በኋላ ተስፋዬ ለማ የመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ከዋነኞቹ አንዱ ነው። ዛሬ «ባህል» ያልነው የዚያን ጊዜ ሙከራ ነበር።

እና እናንተ ልጆቹን በኦርጋን ትቆጣላችሁ።

ኦርጋኑ ጥፋት የለበትም አልልም። ይሄ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ክራር የሚቃኘው በጆሮ ነው። ባለ ክራሩ የትዝታን ቅኝት ሲቃኝ ሦስተኛውን ድምፅ ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ የሚያደርገው እንደ አገሩና እንደ ጣቱ ነው። ኦርጋን ደግሞ ፋብሪካ የወሰነለት አለው፤ በሁለት ቁልፎች መሀል ያለችውን ድምፅ አያውቃትም። ማሲንቆ አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ናትና እንደፈለጉ ያንሸራትቷታል፣ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ሲጫወቱ ሁሌም የሚሸነፈው ማሲንቆው ነው፤ ወደ ኦርጋኑ ይጠጋል። እንዲህ እያለ ጆሯችን ተቃኘ። ዛሬ የድሮ የገጠር ቅጂ ስንሰማ «ትንሽ ወጣ ብሏል» እንላለን። ወጣ ያልነው እኛ እኮ ነን! ግን ይሄም ቢሆን ልጁን አያስወቅሰውም። ኦርጋኑን የተከራየው ማነው? ሰርጉን የደገሰው ማነው?

እሺ፣ ታዲያ ጥፋቱ ምንድነው ትሉኛላችሁ። ጥፋቱ የካሴቱ ሽፋን ላይ ነበር፣ አሁን ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ከቪዲዮው ስር አለ። ግቡና አንብቡት። ግጥም፦ እገሌ። ቅንብር፦ እገሌ። ሚክሲንግና ማስተሪንግ፦ እገሌ። ሜካፕ፦ እገሊት። የመኪናው ባለቤት ሳይቀር ይመሰገናል። ዜማው ላይ ስንደርስ ግን «የሕዝብ»።

ሕዝብ ማነው? ስልክ የለውም? ሕዝብ የሚባል አንድ ሰው ወሎ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያቀነቅን ነው የዋለው? ባቲና አምባሰል የምንላቸው ቅኝቶች እኮ የቦታ ስሞች ናቸው፤ እዚያ ሰው ይኖራል። ትዝታን እያንዳንዱ የራሱን ጨምሮበት ነው እዚህ ያደረሰው። አስናቀች ወርቁ በክራሯ ያዜመችው ትዝታና መሐሙድ አህመድ በባንድ የዘፈነው ትዝታ አንድም ናቸው፣ አንድም አይደሉም። ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስታወጣው ማን እንደሆነች ማንም አይጠይቅም። የእነዚህን ስም እናውቃለን፣ ከተማ ስለገቡና ማይክ ስላገኙ። ከእነሱ በፊት የነበረውን፣ እነሱ ራሳቸው የሰሙትን ሰው፣ «ሕዝብ» ብለን ጠቅልለን ቀበርነው።

ሀንጋሪያዊው ቤላ ባርቶክ ከዛሬ መቶ ምናምን ዓመት በፊት ፎኖግራፍ ተሸክሞ መንደር ለመንደር ሲዞር፣ የዘፈነችለትን ገበሬ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ መንደሯን ይጽፍ ነበር። ከዚያ ሄዶ የራሱን ረቂቅ ሙዚቃ ሠራበት፣ እንዳሻው ለወጠው። ለመለወጥ አላፈረም፣ ስሟንም አልደበቀም። ከኛም ቢሆን ሙላቱ አስታጥቄን ስሙት። ለንደንና ቦስተን የተማረ ሰው፣ ሙዚቃው እ.ኤ.አ. በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ገብቶ ዓለም የሰማው፣ በየሄደበት መድረክ የሚያነሳው የደቡብ ኢትዮጵያዎቹን ደራሼዎች ነው። የደራሼን ፊላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የቀርከሃ ዋሽንቶች ናቸው። አንድ ሰው ዜማውን ሙሉ አይጫወትም፤ ለእያንዳንዱ የድርሻው ድምፅ አለው፣ ተራው ሲደርስ ይነፋል፣ እየዞሩና እየጨፈሩ። አንዱ ከቀረ ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ይሆናል። እዚያ ውስጥ «ሕዝብ» የሚባል የለም፤ ሁሉም የሚነፋትን ያውቃታል።

ከተማ ያለን ደግሞ አዝማሪ ቤት ስንገባ ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። «ተቀበል!» እንላለን። የሰጠነውን ስንኝ አስውቦ ይመልስልናል፣ ያላሰብነውን ወርቅ ጨምሮበት። ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፋለን። በስልክ እንቀርጸዋለን። በነጋታው እንለጥፈዋለን፣ «አዝማሪው ጉድ አለ 😂» ብለን። ስሙ? ጠየቅነው? ዋሽንግተንና ዱባይ ያላችሁም ይሄ አይመለከተንም እንዳትሉ። ለበዓል የምታስመጡት ማሲንቆ ተጫዋች ፖስተሩ ላይ ከዘፋኙ ጀርባ የቆመ ጥላ ነው።

አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ተጠራ። ዕድሜው ሃምሳ ይሆናል። ጫማውን በር ላይ ሊያወልቅ ሲል «ግባ፣ ግባ» አሉት። ማሲንቆውን ከፌስታል አወጣ፣ ጭራውን ዕጣን ቀባ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አደረጉለት። «አባ፣ እዚህች ጋ እንዲሁ ትንሽ አሽሟት» አሉት። አሻት። «በባቲ ደግሞ።» አደረገው። «አሁን ደግሞ ዝም ብለህ የፈለግከውን።» ሃያ ደቂቃ አልሞላም። በጥሬ ብር ተከፍሎት ወጣ፣ ታክሲ እንዳያልፈው እየሮጠ። ያቺ የሃያ ደቂቃ ማሲንቆ ተቆራርጣ ስንት ዘፈን ውስጥ እንደገባች እኔ ብቻ ሦስት ቆጥሬያለሁ። የአቀናባሪው ስም ሦስቱም ላይ አለ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሰውዬው ግን የሚያውቀው ታክሲው ስንት እንደሚያስከፍል ነው።

አሁን ወደ ራሴ።

ከዓመታት በፊት ዘፋኝ ጓደኛ ነበረኝ። የሰርግ ዘፈን ይፈልጋል። እኔም ከአክስቴ የሰማሁትን፣ ልጅ ሆኜ ቡና ላይ ስታንጎራጉረው የያዝኩትን አቀበልኩት። እንዲህ ነው፦

ሸማኔው ተነሳ ድሩን ሳይጨርሰው፣
የናቷን ጥበቡን ማን አለ ሚለብሰው?

ሙሽራ ከቤት ስትወጣ ነው የሚባለው። ሰሙ ልብስ ነው፤ ሸማኔው ሥራውን ሳይጨርስ ተነሳ። ወርቁ ጥበብ ነው፤ እናት የምታውቀውን አስተምራ ሳትጨርስ ልጅቷ ሄደችባት። ጓደኛዬ «ጥበብ አሁን ላለው ልጅ ይከብዳል፣ ቀለል አድርገው» አለኝ። እኔም ቀለል አደረግኩት። «የናቷን ቀሚሷን» አልኩ። ቤቱ አልተዛነፈም፣ ምቱም ልክክ አለ። ሰሙ ቀረ፣ ወርቁ ሄደ። ግጥም ላይ የኔን ስም ጻፈልኝ፤ ዜማ ላይ «የሕዝብ»። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ዘፈኑ ሰርግ ቤት ገባ፣ ኦርጋን ተጫዋቹ ሁሉ ያዘው።

ጥር ላይ ያ ልጅ የዘፈነው እሱን ነው። አክስቴ አበላሽቶታል ያለችው የኔን ቃል ነው። ልጁ ምን በደለ? የሰማውን ነው የዘፈነው። ብጠይቃት ኖሮ አክስቴ ቃሉን ታስተካክለው ነበር፣ እንዲያውም ሌላ የተሻለ ትጨምርበት ነበር፣ ስንኝ መች ይቸግራታል። ግን አልጠየቅኳትም። ሕዝብን ማን ይጠይቃል?

እንግዲህ የምላችሁ ይሄ ነው። ለውጡት። ኦርጋን ላይ፣ ጊታር ላይ፣ ኮምፒውተር ላይ ጫኑት። ራፕ አድርጉት ከፈለጋችሁ፤ በእንካ ሰላንቲያ ላደገ ሰው ራፕ ምን ይደንቀዋል። ግን ከማን እንደወሰዳችሁት እወቁ፣ ሄዳችሁ ጠይቁት፣ ስሙን ጻፉ፣ ድርሻውን ስጡት። እናንተ ደግሞ ሱፍ ለብሳችሁ «ባህል ጠፋ» የምትሉ፣ ለአዳራሹና ለኬኩ የከፈላችሁትን አስቡና፣ ሴቶቹ ሲነሱ ቢያንስ ኦርጋኑን ለሩብ ሰዓት አስጠፉላቸው። ስልካችሁንም አስቀምጡት።

ከሰርጉ ሁለት ሳምንት በኋላ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ጥፋቴን ነገርኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ትንሽ ተቆጣች፣ ከዚያ ቡና አፈላች። ስልኬን አስቀምጬ ሙሉውን እንድትዘፍንልኝ ጠየቅኳት። ሁለት ስንኝ ነው የማውቀው ብዬ ነበር፤ አስራ አንድ ሆኖ ተገኘ። ስትጨርስ «እንግዲህ ያንቺን ስም ነው የምጽፈው» አልኳት።

«ኧረ የኔ ጌታ፣ የኔ አይደለም። ከእናቴ ነው የሰማሁት። የሷን ጻፍ።»

እሺ ብዬ የአያቴን ስም መጻፍ ስጀምር እንደገና ከለከለችኝ። እናቷም የሰማችው ከሌላ ነው፣ ለሰርግ ሁሉ ተጠርታ ከምታወርድ ሴት። ከወንዙ ማዶ ነበር የምትመጣው፣ ድምጿ ሳይደርስ እሷ ራሷ ሰርጉ ቤት አትደርስም ይባል ነበር። ስሟን አክስቴ ብዙ አሰበችው። ጎረቤቷን ጠርታ ጠየቀች። አገር ቤት ደውላ አንዲት አሮጊት ዘመዷን ጠየቀች፤ እሷም ድምጿን ታስታውሳለች፣ ስሟን አታስታውስም።

ቅጂው ስልኬ ላይ አለ። ዜማ የሚለው ላይ «የማዶዋ ሴትዮ» ብዬ ጽፌዋለሁ። ያቺ አሮጊት ስሟ ትዝ ያላት ቀን ትደውላለች ተብያለሁ።