ማንዋሉ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውንም ያሳየን

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። «ቲቸር፣ ቫሪያብሌ ጠፋብኝ» አለኝ። ቫሪያብል ማለት ፕሮግራም ውስጥ ዋጋ የሚይዝ ስም ነው። ፕሮግራሙን በጂሲሲ (ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፋይል በሚቀይረው ኮምፓይለር) ኮምፓይል አድርጎ ጂዲቢ በሚባለው የስህተት መፈለጊያ ውስጥ ከፍቶታል። የድምሩን ዋጋ አሳየኝ ሲለው ግን ቁጥር የለም። «ኦፕቲማይዝድ አውት» ይለዋል። ሁለት ቀን ሙሉ ኮዱን ሲያገላብጥ ከርሟል።

ኮዱ ምንም አልሆነም። ጂሲሲን ሲያዝ ዳሽ ጂ (-g፣ ለጂዲቢ የሚሆን መረጃ የሚያስቀምጥ ኦፕሽን) ብሎ ሲያበቃ ዳሽ ኦ ሁለትም (-O2፣ ፕሮግራሙን የሚያፈጥን ኦፕሽን) ጨምሯል። ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን ለማፍጠን ሲል ያን ቫሪያብል አስቀርቶታል። ዳሽ ኦ ሁለትን አውጥተን እንደገና ስንሞክር ቁጥሩ ብቅ አለ።

በልጁ ልፈርድበት አልችልም። የጂሲሲ ማንዋል ኦፕቲማይዝ የተደረገ ኮድ ውስጥ አንዳንድ ቫሪያብል ጭራሽ ላይኖር እንደሚችል ይናገራል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ዳሽ ኦጂንም (-Og) ለዲበግ፣ ማለትም ለስህተት ፍለጋ፣ ይመክራል። ችግሩ ሌላ ነው። ማንዋሉ የሚነሳው ከኦፕሽኑ ስም ነው፤ የተቸገረ ሰው ደግሞ የሚነሳው ስክሪኑ ላይ ካየው ቃል ነው። ሁለቱ መንገድ ላይ አይገናኙም።

ዳሽ ጂ የሚያስቀምጠው መረጃ ከ0 (ምንም መረጃ የለም) እስከ 3 ደረጃ አለው። ደረጃዎቹን እንይ። ዳሽ ጂ ብቻውን ሲጻፍ ደረጃ 2 ማለት ነው። ደረጃ 1 የፈንክሽን ስምና የመስመር ቁጥር ይይዛል፣ የፈንክሽኑን የውስጥ ቫሪያብሎች ግን አይዝም። ደረጃ 3 ማክሮዎችን፣ ማለትም ኮምፓይል ሲደረግ በሌላ ኮድ የሚተኩ ስሞችን፣ ይጨምራል። ማንዋሉ ይህን በቃል ይገልጻል እንጂ አያሳይም። ማክስ የሚል ማክሮ ጽፋችሁ በደረጃ 2 ብትጠይቁት ጂዲቢ እንዲህ ያለ ስም አላውቅም ይላችኋል። በደረጃ 3 ዋጋውን ቁጭ ያደርግላችኋል። ይህን ለማሳየት ሁለት መስመር ይበቃል! አንድ ገጽ ማብራሪያ ከማንበብ ይሻላል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ዳሽ ጂድዋርፍ ሁለት (-gdwarf-2) ብሎ የጻፈ ሰው ደረጃ 2 የመረጠ ይመስለዋል። ቁጥሩ ግን የዲበግ መረጃው የሚጻፍበት የድዋርፍ ፎርማት እትም ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ከወጣው ጂሲሲ 11 ወዲህ የተለመደው እትም 5 ስለሆነ፣ ሰውዬው ሳያውቀው ወደ አሮጌው ተመልሷል ማለት ነው።

ይህ ነገር እዚህ ጎጃም ከሌላው ቦታ ይልቅ ይጎዳናል። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለ ተማሪ ቃሉን ጎግል አድርጎ በደቂቃ መልስ ያገኛል። እኛ ጋ ኔትወርክ ይጠፋል። ሲጠፋ የሚቀረን ላፕቶፑ ላይ የተጫነው ማንዋል ብቻ ነው። ስለዚህ የጎደለው ነገር መሞላት ያለበት እዚያው ማንዋሉ ውስጥ ነው።

ጂሲሲ ክፍት ሥራ ነው፤ የማንዋሉን ጽሑፍም ማንም አሻሽሎ መላክ ይችላል። ከልጁ ጋር አንድ አጭር ፕሮግራም ወስደን ከደረጃ 0 እስከ 3 በየተራ ኮምፓይል እያደረግን፣ ጂዲቢ በእያንዳንዱ ላይ የሚመልሰውን እየገለበጥን ነው። ደረጃ 1 ላይ ደርሰናል።